ከቢላዋ በፊት መርፌ

«ዶክተር፣ ምርመራው ይቅርብኝ፤ ዝም ብላችሁ አውጡልኝ።»

ጡታቸው ላይ እብጠት አግኝተው ከሶማሌ ተራና ከአካባቢው ወደ ክሊኒክ ከሚመጡ እናቶችና እህቶች ይህንን ልመና ደጋግመን እንሰማለን። ልመናው የአላዋቂ አይደለም። ሱቅ ዘግቶ መምጣት የዕለት ገቢ ማጣት ነው። አንድ ቀን ለአልትራሳውንድ፣ ሌላ ቀን ለመርፌ፣ ሌላ ቀን ለውጤት፣ ከዚያም ሪፈር ለማጻፍ ከመመላለስ አንድ ቀን ተኝቶ መገላገል የሚያዋጣ ይመስላል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ምንነቱ ያልታወቀ ነገር በገላ ይዞ ማደር እንቅልፍ ይነሳል።

ውድ አንባቢያን፣ የእኔ መልስ አብዛኛውን ጊዜ «መጀመሪያ በመርፌ ናሙና እንውሰድና ምንነቱን እንወቅ፤ ማውጣቱ ከዚያ በኋላ ይወሰናል» የሚል ነው። ለምን እንዲህ እንደምል ላስረዳ።

ሶማሌ ተራ የሚውል ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። መኪናው ድምፅ አወጣ ተብሎ ሲመጣ ጥሩ መካኒክ መጀመሪያ ሞተሩን አስነስቶ ያዳምጣል። ከፈታታው በኋላ ያንን ድምፅ መልሶ መስማት አይችልምና። የጡት እብጠትም ከወጣ በኋላ ምን ያህል ይሰፋ እንደነበር፣ ከቆዳው ወይም ከደረቱ ጡንቻ ጋር ተጣብቆ እንደነበርና እንዳልነበር፣ የትኛው ጎኑ ወዴት ይመለከት እንደነበር በትክክል መመርመር አይቻልም። እብጠቱ ምንም ጉዳት የሌለው ከሆነ ይህ ሁሉ ግድ አይሰጥም። ካንሰር ከሆነ ግን ቀጣዩ ሕክምና በሙሉ የሚመሠረተው በእነዚህ ላይ ነው።

በመጀመሪያ ግን ልብ የሚያሳርፈውን እንናገር። በጡት ላይ ከሚገኙ 10 እብጠቶች ውስጥ 8ቱ ወይም ከዚያ በላይ የሆኑት ካንሰር አይደሉም። በወጣት ሴቶች ላይ በብዛት የሚታየው ፋይብሮአዴኖማ የሚባለው ነው። ድቡልቡል፣ ጠንከር ያለ፣ በጣት ሲነኩት የሚንሸራተት ስለሆነ ሐኪሞች «የጡት አይጥ» ይሉታል። ውሃ የቋጠረ ከረጢትም አለ፤ ይህ በመርፌ ተቀድቶ ብዙ ጊዜ እዚያው ይጠፋል። በሚያጠቡ እናቶች ላይ ወተት ሲታገድ ወይም መግል ሲቋጥር የሚያብጥም አለ። በአገራችን የሳንባ ነቀርሳ ተብሎ የሚታወቀው በሽታ አልፎ አልፎ ጡት ላይ ወጥቶ ካንሰር መስሎ ያሳስታል። ይህ የመጨረሻው ሕክምናው መድኃኒት ነው፤ ጡቱን መቅደድ ለታማሚዋ የማይድን ቁስል ሊያተርፍላት ይችላል።

በሌላ በኩል ደግሞ የጡት ካንሰር በአገራችን ሴቶች ላይ ቀዳሚው ካንሰር መሆኑን መሸሸግ አይገባም። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. ለ2020 ባወጣው ግምት በኢትዮጵያ በዓመቱ ከ16 ሺህ በላይ ሴቶች በጡት ካንሰር የተያዙ ሲሆን ወደ 9 ሺህ የሚሆኑት ሕይወታቸውን አጥተዋል። በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የሚገኘው የአዲስ አበባ የካንሰር ምዝገባም በከተማዋ ሴቶች ላይ ከሚመዘገበው ካንሰር አንድ ሦስተኛ ገደማ የሚሆነው የጡት መሆኑን ያሳያል። ታማሚዎቻችን በአብዛኛው በዕድሜ ያልገፉ ናቸው፤ በሠላሳዎቹና በአርባዎቹ ዕድሜ ያሉ ብዙዎች ናቸው። ስለዚህ «ገና ልጅ ነኝ» ብሎ መተውም አያዋጣም።

ታዲያ እንዴት ይለያል? በሕክምናው ዓለም ሦስቱን ምርመራ አንድ ላይ ማየት የተለመደ ነው። የሐኪሙ እጅ፣ ምስሉና መርፌው ናቸው። ሐኪሙ ሁለቱንም ጡትና ብብቱን ይዳስሳል። ምስሉ በወጣቶች ላይ አልትራሳውንድ ነው፤ 40 ዓመትና ከዚያ በላይ በሆኑት ላይ ማሞግራፊም ይጨመራል። ማሞግራፊ «ንጹህ ነው» ስላለ ግን በእጅ የሚዳሰስ እብጠት አይናቅም። ማሞግራፊ የሚያልፋቸው ካንሰሮች አሉ፤ በተለይ ጡቱ ጥቅጥቅ ያለ ከሆነ።

መርፌው ሁለት ዓይነት ነው። ልዩነቱን ማወቅ ለእርስዎ ይጠቅማል፤ ምክንያቱም ሐኪሞች ሁለቱንም «የመርፌ ምርመራ» ብለን እንጠራቸዋለን።

አንደኛው ቀጭኑ ነው። ደም ለመቅዳት ከሚያገለግለው መርፌ የማይወፍር መርፌ ወደ እብጠቱ ገብቶ ጥቂት ሴሎች ይስባል፤ ሴሎቹ በመስታወት ላይ ተቀብተው በማይክሮስኮፕ ይታያሉ። ሥራው የደቂቃዎች ነው፤ ዋጋው ከሌሎቹ ይቀንሳል፤ ውጤቱም ቶሎ ይደርሳል። በአገራችን በብዛት የሚሠራው ይህ ነው። ድክመቱ ግን የሚያሳየው የተበታተኑ ሴሎችን እንጂ የሥጋውን አሠራር አይደለም። ካንሰር መኖሩን ቢናገርም ከቦታው አልፎ የወረረ መሆኑን ላይለይ ይችላል።

ሁለተኛው ወፈር ያለው፣ ኮር ባዮፕሲ የሚባለው ነው። ቦታው በማደንዘዣ ይደነዝዝና መርፌው «ቀጭ» እያለ እንደ ክር የቀጠኑ የሥጋ ቁራጮችን ያወጣል። ድምፁ ያስደነግጣልና ቀድሞ ማወቁ ይበጃል። ስፌት የለውም፤ ለጥቂት ደቂቃ ተጭኖ መያዝ ይበቃል፤ ቦታው ለቀናት ሊበልዝ ይችላል። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ወይም አስፕሪን የሚወስዱ ከሆነ አስቀድመው ይንገሩ። ይህ ምርመራ የበለጠ የሚመረጥበት ምክንያት፣ ካንሰር ከተገኘ ዓይነቱን፣ የሆርሞን ተቀባይ ያለው መሆንና አለመሆኑንና ኸር ቱ የተባለውን ፕሮቲን ከዚያው ቁራጭ ላይ መመርመር ስለሚቻል ነው። በጥቁር አንበሳ በታማሚዎች ላይ የተሠሩ ጥናቶች ከግማሽ በላይ የሆኑት የሆርሞን ተቀባይ ያለው ካንሰር እንዳለባቸው አሳይተዋል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ለነዚህ ሴቶች ታሞክሲፌን የተባለው በአፍ የሚዋጥና ዋጋው ከብዙዎቹ የካንሰር መድኃኒቶች ያነሰ ክኒን ዕድሜ ይጨምራል። ተቀባዩ ካልተመረመረ ግን ማን መውሰድ እንዳለባት በእርግጠኝነት አይታወቅም።

ሦስቱ ምርመራዎች ከተስማሙ ነገሩ ቀላል ነው። የሐኪሙ እጅም፣ ምስሉም፣ መርፌውም «ጉዳት የሌለው ነው» ካሉ ይታመናሉ። አንዳቸው ከተለዩ ግን አይታለፍም። እጅ ሲዳስሰው የሚያጠራጥር፣ አልትራሳውንዱም የሚያጠራጥር ሆኖ ሳለ የቀጭኑ መርፌ ውጤት «ካንሰር አልታየም» ቢል መርፌው ስቶ ሊሆን ይችላል። ኮር ባዮፕሲ ይሠራል፤ ያም ካልለየ ያን ጊዜ እብጠቱ ወጥቶ ይመረመራል። «ካንሰር አልታየም» እና «ካንሰር የለም» አንድ አይደሉም።

አሁን ወደ ፍርሃቱ ልምጣ። ብዙዎች መርፌውን የሚሸሹት በሕመሙ አይደለም፤ «ካንሰር ብረት ከነካው ይነሳል» የሚለውን ስለሚያምኑ ነው። ይህን የምሰማው ከገጠር ከመጡ አረጋውያን ብቻ አይደለም፤ ዲግሪ ካላቸው ልጆቻቸውም ጭምር ነው። ሰዎች ያለ ምክንያት አያምኑትም። ሁሉም አንድ ጎረቤት ወይም ዘመድ ያውቃሉ፦ ደህና ስትሠራ የነበረች ሴት ሆስፒታል ሄደች፣ መርፌ ተወጋች፣ በዓመቱ ሞተች። በዓይን የታየ ነገር እንዴት ውሸት ይሆናል?

የታየው እውነት ነው፤ ምክንያቱ ግን ሌላ ነው። በአገራችን አብዛኞቹ ታማሚዎች ወደ ሕክምና የሚመጡት በሽታው ከገፋ በኋላ ነው። መርፌው ሲወጋ ካንሰሩ ብዙ ጊዜ ብብት ደርሷል፤ አንዳንዴም አጥንትና ሳንባ ውስጥ ገብቷል። ሁለተኛው ምክንያት ይበልጥ ያሳዝነኛል። መርፌው ተወግቶ ውጤቱ «ካንሰር ነው» ሲል ታማሚዋ ትደነግጣለች፤ ጠበል ትገባለች፣ ዱዓ ይደረግላታል፣ የባህል መድኃኒት ይቀባል፤ ወይም ወረፋው ረዝሞባት ወራት ያልፋሉ። በነዚያ ወራት ካንሰሩ ያድጋል። ዘመድ ግን የሚያስታውሰው መርፌውን ነው። ጠበልና ዱዓ ከሕክምናው ጎን ለጎን ቢሄዱ ማንም ሐኪም አይቃወምም፤ ጉዳቱ ሕክምናውን ሲተኩት ነው።

በሐቅ ለመናገር መርፌው በሄደበት መንገድ ላይ ጥቂት የካንሰር ሴሎች ሊገኙ እንደሚችሉ በምርምር ታይቷል። እነዚያ ሴሎች አብዛኞቹ አይተርፉም፤ የቀሩም ካሉ ቀጥሎ የሚደረገው ቀዶ ሕክምና፣ ጨረርና መድኃኒት ያገኛቸዋል። በዓለም ላይ ለአሥርተ ዓመታት በመርፌ ተመርምረው የታከሙ ሴቶች በዚህ ምክንያት ዕድሜያቸው እንዳጠረ አልታየም። ደግሞስ ብረትን የሚፈራ ሰው ከመርፌና ከቢላዋ የቱን ሊመርጥ ነው? ሳይመረመር በቢላዋ የተከፈተ ካንሰር እንዲያውም ሰፊ ቁስል ይተዋል።

ከዚህ በፊት በሌላው ዓለም የነበረውን ብናስታውስ ጥሩ ነው። በአሜሪካ እስከ 1970ዎቹ ድረስ አንዲት ሴት ጡቷ ላይ እብጠት ሲገኝ ሙሉ ማደንዘዣ ተሰጥቷት ትተኛለች፤ እብጠቱ ይወጣል፤ ታማሚዋ እንደተኛች በፍጥነት ይመረመራል፤ ካንሰር ከተባለ እዚያው ጡቱ በሙሉ ይቆረጣል። ስትነቃ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ነበር መርዶውን የምታውቀው። ሮዝ ኩሽነር የተባለች ጋዜጠኛ እ.ኤ.አ. በ1974 እብጠት ባገኘች ጊዜ ይህን አልቀበልም አለች፤ ምርመራው ለብቻ፣ ሕክምናው ለብቻ ይሁን ብላ ተከራከረች። በ1979 የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት የጠራው የባለሙያዎች ጉባኤ፣ እሷም አባል ነበረች፣ ሁለቱ እንዲለያዩ ወሰነ። ዛሬ በሰለጠነው ሕክምና ይህ ወግ ሆኗል። ለሴትየዋ በምርመራውና በቀዶ ሕክምናው መካከል የምታስብበት፣ ከባሏና ከልጆቿ ጋር የምትመክርበት፣ ሌላ ሐኪም የምትጠይቅበት ጊዜ ሰጣት።

ያለ ምርመራ ማውጣት የሚያመጣውን ጉዳት በዝርዝር እንየው። እብጠቱ ጉዳት የሌለው ይሆናል በሚል ግምት በትንሽ ቀዶ ሲወጣ ሐኪሙ ጠርዙን ተከትሎ ነው የሚያወጣው። ካንሰር ሆኖ ከተገኘ በዳሩ ላይ ቅሪት ይኖራል፤ ሁለተኛ ቀዶ ሕክምና የግድ ይሆናል። ጠባሳው ባልሆነ ቦታ ከተሠራ ጡቱን ማትረፍ ይቻል የነበረው ወደ ሙሉ ቆረጣ ሊሄድ ይችላል። የብብቱ ንፍፊት ሳይታይ ቀርቷል። እብጠቱ ትልቅ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ ኬሞቴራፒ ተሰጥቶ እንዲያንስ ማድረግ ይቻል ነበር፤ መድኃኒቱ መሥራቱንም እብጠቱ ሲያንስ በእጅ መከታተል ይቻል ነበር። ይህ ሁሉ ዕድል ያልፋል። እ.ኤ.አ. በ1985 የታተመው የበርናርድ ፊሸርና የባልደረቦቹ ጥናት፣ ለሚስማማቸው ታማሚዎች እብጠቱን ከጤናማ ዳሩ ጋር አውጥቶ ጨረር መስጠት ጡቱን በሙሉ ከመቁረጥ የተለየ ዕድሜ እንደማያሳጥር አሳይቷል። ለዚህ ግን ታቅዶ መገባት አለበት።

እብጠቱ ካንሰር ካልሆነ ደግሞ ጉዳቱ ሌላ ነው። የ19 ዓመት ልጅ ሁለት ሳንቲ ሜትር ለሆነ ፋይብሮአዴኖማ ጠባሳ ይዛ ትሄዳለች። ብዙዎቹ ባሉበት ይቆማሉ፤ አንዳንዶቹም ከጊዜ ጋር ይከስማሉ። በመርፌ ከተረጋገጠ በኋላ በየስድስት ወሩ በአልትራሳውንድ መከታተል ይበቃት ነበር።

ይህ ሲባል ማውጣት ትክክል የሚሆንበት ጊዜ የለም ማለት አይደለም። እብጠቱ በፍጥነት እያደገ ከሆነ፣ ከሦስት ሳንቲ ሜትር ካለፈ፣ ወይም ፋይሎደስ የተባለው ዓይነት ከተጠረጠረ መውጣት አለበት። የመርፌው ውጤት «ያልተለመዱ ሴሎች አሉ» ካለም እንዲሁ። ከጡት ጫፍ ደም የሚፈስ ከሆነና ከቱቦው ውስጥ ያለ እብጠት ከተገኘም ይወጣል። ከነዚህ አንዱም ሳይኖር ጉዳት የሌለው መሆኑ ተረጋግጦ «አልችልም፣ ሳስበው እያደርኩ ነው፣ ይውጣልኝ» የምትል ሴትም መብቷ ነው፤ ጭንቀት እንደ ምክንያት አይናቅም። ቅደም ተከተሉ ብቻ ይጠበቅ።

አንድ ሁኔታ ደግሞ ከሁሉም ተለይቶ ይታወቅ። ጡቱ በሙሉ ቀልቶ፣ ሞቆ፣ ቆዳው እንደ ብርቱካን ልጣጭ ሲሆን ብዙ ጊዜ «ኢንፌክሽን ነው» ተብሎ ፀረ ባክቴሪያ ይሰጣል። በአንድና ሁለት ሳምንት ካልተሻለ መድኃኒት መቀያየር ሳይሆን ናሙና መውሰድ ነው የሚገባው። ይህ በፍጥነት የሚሄድ የካንሰር ዓይነት ሊሆን ይችላል። በሚያጠቡ እናቶች ላይ ደግሞ «ወተት ነው» እየተባለ ወራት ሲባክኑ አያለሁ። ማጥባት ለመርፌ ምርመራ እንቅፋት አይደለም።

በሶማሌ ተራ አብዛኛው ነጋዴ ወንድ ነውና «ይህ የሴቶች ነው» ብሎ ገጹን የሚገለብጥ አንባቢ እንደሚኖር አውቃለሁ። ከ100 የጡት ካንሰር ታማሚዎች አንዱ ገደማ ወንድ ነው። ወንድ ጡቱ ላይ ጠጠር ሲያገኝ ደግሞ ከሴቷ ይበልጥ ዘግይቶ ይመጣል። ከዚያ ባሻገር ሚስት ወይም እህት «ምርመራ ልሂድ» ስትል ገንዘቡን የሚሰጠው፣ ሱቁን የሚጠብቀው፣ «መርፌ አትወጊ» ብሎ የሚያስቀረውም ብዙ ጊዜ እሱ ነው።

ስለ ጊዜ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 በጀመረው የጡት ካንሰር ፕሮግራም አንዲት ሴት ለመጀመሪያ ጊዜ ሐኪም ዘንድ ከቀረበች በ60 ቀናት ውስጥ ምርመራዋ እንዲጠናቀቅ ግብ አስቀምጧል። ስለዚህ «ከበዓል በኋላ» ወይም «ዕቃው ከወደብ ሲገባ» የሚለው ቀጠሮ ለጥቂት ሳምንት ከሆነ አይገድልም፤ ለወራት ከሆነ ግን ይገድላል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን አባል የሆኑ ከወረዳቸው ጤና ጣቢያ ጀምረው ሪፈር ይዘው ቢሄዱ ወጪው ይቀልላቸዋል፤ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል መሄድ ይህን ያሳጣል።

አሁን ደግሞ ለእኛ ለባለሙያዎችና ለተቋማት የሚሆን አንድ ጉዳይ አለኝ። በመርፌም ሆነ በቢላዋ የወጣ ነገር ሁሉ ለፓቶሎጂ መላክ አለበት። «በዓይን ሲታይ ደህና ነው» የሚባል ነገር የለም። በብዙ ቦታ ግን ወጥቶ በብልቃጥ ለታማሚዋ ወይም ለዘመድ ተሰጥቶ «ላቦራቶሪ አድርሱ» ይባላል። ብልቃጡ በፌስታል ተንጠልጥሎ ታክሲ ይሳፈራል፤ አንዳንዱ ቤት ያድራል፤ አንዳንዱ የምርመራው ክፍያ ስላልተሟላ ቁም ሣጥን ላይ ይቀራል። ናሙናው ከወጣ በአንድ ሰዓት ውስጥ በቂ ፎርማሊን ውስጥ መግባት አለበት፤ ፎርማሊኑ ከናሙናው አሥር እጥፍ ያህል ይሁን። በውሃ፣ በአልኮል ወይም በግሉኮስ ከተቀመጠ ይበላሻል፤ ምርመራው ያሳስታል። ናሙናውን ማድረስ የተቋሙ ሥራ እንጂ ትናንት የተሰፋች ሴት ሥራ መሆን የለበትም። ውጤቱንም ታማሚዋ እስክትመጣ መጠበቅ አይገባም። አንድ መዝገብ፣ አንድ ስልክ ቁጥርና ኃላፊነቱን የወሰደ አንድ ሰው ይበቃል። ይህ አዲስ ሕንፃም የውጭ ምንዛሪም አይጠይቅም። ለክሊኒኮች ፈቃድ የሚሰጡና የሚቆጣጠሩ አካላት ሊጠይቁት የሚገባ ይህንን ነው።

እርስዎም ሊያወጣልዎት የቆረጠን ሐኪም ሊጠይቁት የሚገባዎት ጥቂት ነገር ነው። በመርፌ ተመርምሯል ወይ? ካልተመረመረ ለምን? ከወጣ በኋላ ማን ወደ ላቦራቶሪ ይልከዋል፣ ውጤቱንስ ማን ይነግረኛል? ይህን መጠየቅ ሐኪምን መድፈር አይደለም።

ውጤቱን ሲቀበሉ የተጻፈውን ወረቀት ይውሰዱ፤ በቃል ብቻ ተነግሮዎት አይውጡ። ላቦራቶሪው ናሙናውን በሰም ውስጥ አስገብቶ ያስቀምጠዋል፤ ብሎክ ይባላል። ወደ ሌላ ሆስፒታል ቢላኩ ያው ናሙና እንደገና ሊታይ ወይም የሆርሞን ተቀባይ ምርመራ ሊጨመርበት ይችላል፤ ሁለተኛ ጊዜ መወጋት ላያስፈልግዎት ይችላል። ብሎኩ የሚገኘው በወረቀቱ ራስጌ ባለው የምርመራ ቁጥር ነውና ያንን ቁጥር በስልክዎ ፎቶ ያንሱት።